ፍሬዛል ቨርብን ሳትሸመድዱ ለመልመድ

ፍሬዛል ቨርብ ማለት የእንግሊዝኛ ግስ ከትንሽ ቃል ጋር ተጣምሮ አዲስ ትርጉም ሲሰጥ ነው። የ«ጌት» ዝርዝር አውጥታችሁ ጌት አፕ፣ ጌት ኦቨር፣ ጌት ባይ እያላችሁ አትሸምድዱ። ይምታታባችኋል። «ቁጭ አለ» ስንል ማንም ምንም አላለም አይደል? እነዚህም እንደዛው ናቸው፤ ቃላቱን ለየብቻ ብትፈቱ ትርጉሙ አይመጣም።

ይልቅ ከራሳችሁ ኑሮ ዓረፍተ ነገር ሥሩ። ካርድ ሲያልቅባችሁ «አይቭ ራን አውት ኦቭ ኤርታይም»፣ ቀጠሮ ስታራዝሙ «ፑት ኦፍ»፣ ልጅ ስትጠብቁ «ሉክ አፍተር»፣ የጎረቤት ጩኸት ችላችሁ ስትኖሩ «ፑት አፕ ዊዝ»። በቀን ሦስት አራት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ጉራ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ኢት» እና «ዜም» ሲመጡ ነው። መብራቱን አጥፋ ለማለት «ተርን ኦፍ ዘ ላይት»ም «ተርን ዘ ላይት ኦፍ»ም ያስኬዳል፤ «ኢት» ከሆነ ግን የግድ መሃል ይገባል፣ «ተርን ኢት ኦፍ» እንጂ «ተርን ኦፍ ኢት» አይባልም። «ሉክ አፍተር» ደግሞ ጭራሽ አይለያይም፣ «ሉክ አፍተር ኢት» ነው። ስለዚህ አዲስ ሲገጥማችሁ ደብተራችሁ ላይ ከነ«ኢት»ው ጻፉት።

አንዱ ብዙ ትርጉም ሊኖረው ይችላል፦ «ቴክ ኦፍ» ጫማ ማውለቅም፣ አውሮፕላን መነሳትም ነው። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ ግን «ፑት ኦፍ» ከምትሉ «ፖስትፖን» በሉ።