የዓሣ አንጀት ባክቴሪያና «አዲስ ዝርያ» የሚመስለው ስህተት፦ ችግርና መፍትሄ

ዓሣው የሚመጣው ከአሞራ ገደል፣ ከሀዋሳ ሐይቅ ዳር የዓሣ ገበያ ነው። ተማሪው በማለዳ ወርዶ ቆሮሶ ወይም አምባዛ ይገዛል፤ በበረዶ ይዞ ይመጣል፤ አንጀቱን አውጥቶ በውስጡ ያለውን ባክቴሪያ ሳህን ላይ ይዘራል። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ወረቀት ይዞ በሬን ያንኳኳል። «ጋሼ፣ አዲስ ዝርያ ሳላገኝ አልቀረሁም!» ወረቀቱ ላይ የባክቴሪያው ዘረመል ከቅርብ ዘመዱ ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል የሚያሳይ፣ 97.6 ከመቶ የሚል ቁጥር በቀይ ተከቧል። ይህን ስንት ጊዜ እንዳየሁት መቁጠር ትቻለሁ። ሳህን ማፍሰሱን፣ አውቶክሌቩን፣ ሉፕ ማቃጠሉን ታውቁታላችሁ ብዬ ልለፈው።

ምልክት፦ ከቅርብ ዘመዱ ጋር ያለው ተመሳሳይነት ከ98.7 ከመቶ በታች ሆነ

ባክቴሪያን ለመለየት የሚነበበው 16ኤስ የሚባለው ዘረመል ወደ 1,500 ገደማ የዲኤንኤ ፊደላት አሉት። ቀድሞ ለአዲስ ዝርያ መለያ የነበረው 97 ከመቶ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ወደ 98.7 ከፍ እንዲል ሐሳብ ቀረበ፤ ዛሬ የሚሠራበትም ይኸው ነው። እንግዲህ አስሉት፦ 1,400 ፊደል ካነበባችሁ 1.3 ከመቶው 18 ፊደል ነው። አሥራ ስምንት ብቻ! ይህን ያህል ስህተት ያልተቆረጠ የንባብ ጫፍ ለብቻው ያመጣዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ የምጠይቀው ክሮማቶግራሙን፣ ማለትም ማሽኑ እያንዳንዱን ፊደል በጉብታ ያሳየበትን ሥዕል ነው። ግማሾቹ የላቸውም፤ ፊደሉ ብቻ በጽሑፍ ፋይል ተልኮላቸው ዝም ብለው ተቀብለዋል። ገንዘብ ከፍላችሁ የለ እንዴ? ጠይቁ! ክሮማቶግራም የሌለውን ንባብ እኔ አላይም።

ሲከፈት ከሁለት አንዱን ታያላችሁ። አንደኛው፣ መካከሉ የጠራ ሆኖ ጫፎቹ የተበላሹበት ነው። የመጀመሪያዎቹ 30 ያህል ፊደላት አይታመኑም። ከ700 እና ከ800 በኋላም ጉብታዎቹ እየሰፉ እርስ በርስ ይዋጣሉ፤ ማሽኑ ግን እየገመተ መጻፉን አያቆምም። ባለፈው አንዷ 940 ፊደል እንዳለ አስገብታ 96.9 አግኝታ ነበር። አብረን ተቀምጠን ጭራውን ቆረጥነው፤ 99.8 ሆነ። ልጅቷ ዝም አለች፤ እኔም ሻይ ጋበዝኳት። መፍትሄው በ27ኤፍ እና በ1492አር (ንባቡ የሚጀመርባቸው አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮች) ከሁለቱም ወገን አንብቦ፣ ጫፎቹን ቆርጦ፣ መካከል ላይ ማገጣጠም ነው። ማነጻጸሩም ስማቸው በሕግ ከጸደቀ ዝርያዎች ወካይ ናሙና ጋር ብቻ ይሁን፤ «ያልተለየ ባክቴሪያ» ከሚል መዝገብ ጋር መመሳሰል ምንም አይነግራችሁም።

ሁለተኛው ግን ዋናው ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ቦታ ሁለት ጉብታ፣ አንዱ ረጅም፣ ከሥሩ ሌላው አጭር። ይህ ማለት ኮሎኒያችሁ (ሳህኑ ላይ የበቀለው የባክቴሪያ ክምችት) አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አይደለም።

አንድ ተማሪ ከአምባዛ አንጀት ያወጣው ደማቅ ቢጫ ኮሎኒ ነበረው። እንዴት ያምር ነበር! ስሙን ሁሉ አስቦለታል፣ በሐይቁ ስም ሊጠራው። ባክቴሪያን በወይን ጠጅና በሮዝ በሚለየው የግራም ቀለም ቀብተን በማይክሮስኮፕ ስናየው አራት አራት ሆነው የተሰበሰቡ ወይን ጠጅ ክቦች ታዩን፤ በመካከላቸው ደግሞ ሮዝ ቀለም ያላቸው ዘንጎች ተበትነዋል። ደጋግመን ስናጠራው ዘንጎቹ ኤሮሞናስ ሆኑ፤ በጨው አልባ ውኃ ዓሣ ውስጥ የማይጠፋ ነው። ቢጫው ማይክሮኮከስ ሉቴየስ ሆነ፤ ይህ ደግሞ በሰው ቆዳ ላይ የሚኖር ነው። በሐይቁ ስም ሊጠራ የነበረው የልጁ የገዛ እጁ ሳይሆን አይቀርም።

መፍትሄው ትዕግሥት ነው። ብቻውን የቆመ ኮሎኒ አንሡ፤ ከተጨናነቀው መስመር ላይ በፍጹም አታንሡ። በአዲስ ሳህን ላይ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ደጋግማችሁ አጥሩት። በ24 ሰዓት «ጠራ» አትበሉ፤ ቀርፋፋው ከፈጣኑ ሥር ተደብቆ በሦስተኛው ቀን ብቅ ይላል። በየዙሩ ግራም ቀለም ቀቡ። ያለ ጓንት አትንኩ። አፋችሁን ሳህኑ ላይ ከፍታችሁ አታውሩ።

ምልክት፦ ምንም አልበቀለም

ባሕር የለንም፤ ጽሑፉ ግን ከባሕር ይመጣል። ስለ ባሕር ጃርት አንጀት የተጻፈ ጥናት አንብቦ «ማሪን አጋር» በሚባል የባሕር ባክቴሪያ ማሳደጊያ ምግብ ላይ የቆሮሶ አንጀት የዘራ አውቃለሁ። ያ ምግብ በሊትር ከ19 ግራም በላይ ሶዲየም ክሎራይድ አለው፤ የሀዋሳ ሐይቅ ዓሣ ደግሞ የባሕር ጨው አያውቅም። ተራ አጋር ይበቃል። ሴቶባክቴሪየም የመሰሉትን፣ ኦክስጅን የማይወዱ የዓሣ አንጀት ባክቴሪያዎች የምትፈልጉ ከሆነ ግን አየር የሌለበት ማሰሮ ያስፈልጋችኋል፤ ያለዚያ አትድከሙ።

ምልክት፦ ሳህኑን በሙሉ አንድ ነገር ሸፈነው

ፕሮቲየስ የሚባለው፣ ሳህኑ ላይ እየተስፋፋ የሚሄድ ባክቴሪያ ነው። አጋሩን ከ1.5 ወደ 3 ከመቶ ገደማ አጠንክሩት።

ምልክት፦ ውኃ ብቻ ያለበት ቱቦ ላይ መስመር ታየ

ዘረመሉን በፒሲአር ስታባዙ ባክቴሪያ ያልገባበት ይህ የመቆጣጠሪያ ቱቦ ባዶ መሆን ነበረበት። ውኃው ተበክሏል፤ አለበለዚያ የሚያባዛው ኢንዛይም ውስጥ የባክቴሪያ ቅሪት አለ። ውኃውን ድፉት፤ አዲስ ክፈቱ። ያንን ዙር አትጠቀሙበት።

ምልክት፦ 99.4 ሆነ፤ ስለዚህ ሳህኑ ተጣለ

ይህ ያናድደኛል። ባሲለስ ሴሬየስና የአባሰንጋው ባሲለስ አንትራሲስ በ16ኤስ ከ99 ከመቶ በላይ ይመሳሰላሉ፤ ስማቸው ግን ለየብቻ ነው። ከፍተኛ ተመሳሳይነት ዝርያውን አይዘጋውም። የሚወስነው ሙሉ ጂኖሙ፣ ማለትም የባክቴሪያው ዲኤንኤ በሙሉ ነው፦ ከቅርብ ዘመዱ ጋር አማካይ ተመሳሳይነቱ ከ95 እስከ 96 ከመቶ በታች፣ በኮምፒውተር የሚሰላው የዲኤንኤ ውህደትም (የሁለቱ ዲኤንኤ ምን ያህል እንደሚጣመር) ከ70 ከመቶ በታች ሲሆን ያን ጊዜ እንነጋገር። እስከዚያ አትጣሉ።

ምልክት፦ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለው ሞተ

መብራት ጠፍቶ ነው፤ ሌላ ምን ይሆናል? 20 ከመቶ ግሊሰሮል ውስጥ አድርጋችሁ በሁለት የተለያዩ ሕንፃዎች አስቀምጡ። ቀልድ አይደለም፤ በሁለት አገሮች ባሉ ሁለት የባክቴሪያ ማከማቻዎች ሕያው ናሙና ያላስቀመጠ ሰው ያወጣው ስም አይጸድቅም። ቱቦው ላይ በእርሳስ ጻፉ፤ የማርከር ቀለም አልኮል ሲነካው ይለቃል። የእኛ ማቀዝቀዣ ውስጥ ስማቸው የታጠበ አሥራ አንድ ቱቦዎች እስካሁን አሉ።