ቁልቁለት ላይ በባለ ጎማ የስኬት ጫማ ስትታጠፉ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መስቀል አደባባይ ላይ የስኬት ጫማ አድርጎ ቀጥ ብሎ መንዳት የለመደ ሁሉ ቀጥሎ የሚያምረው ቁልቁለት ነው። የበረዶ ስኪ ተወዳዳሪዎች ሁለት እግራቸውን ጎን ለጎን አድርገው ግራና ቀኝ እየታጠፉ እንደሚወርዱት፣ በባለ ጎማ ስኬትም መውረድ ይቻላል። ግን እባካችሁ፣ ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር የሚወርደውን ቸርችል ጎዳና መጀመሪያ አትሞክሩት። መኪና የማይገባበት፣ መጨረሻው ሜዳ የሆነ ትንሽ ተዳፋት ይበቃል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» በሚካሄድበት ቀን የሚዘጉ መንገዶችም ጥሩ ናቸው።

ወደ ኋላ መሸሽ። ፍርሃት ሰውነትን ወደ ተረከዝ ይጎትታል። ያን ጊዜ የፊት ጎማዎቹ ክብደት ያጡና አልታዘዝ ይላሉ። ጉልበትንም ቁርጭምጭሚትንም እጠፉ። ቅልጥማችሁ የጫማውን ምላስ መጫኑን ካቆመ ወደ ኋላ ሄዳችኋል ማለት ነው።

በውስጠኛው እግር መቆም። ብዙ ሰው የሚወድቀው በዚህ ይመስለኛል፤ ጎበዝ የሚባሉ ልጆችም ይሳሳቱታል። ወደ ግራ ስትታጠፉ አብዛኛውን ክብደት መሸከም ያለበት ቀኝ እግር ነው። ግራው ቀለል ብሎ ግማሽ ጫማ ያህል ይቀድማል። ሰው ግን መላ አካሉን ወደሚታጠፍበት ይጥላል፤ የውጪው ጎማ መሬት መቆንጠጡን ይተውና ጫማው ከሥሩ ያመልጣል። ዳሌ ወደ ውስጥ ይግባ፣ ትከሻ ግን አብሮ አይውደቅ። መታጠፊያው መሀል ላይ የውጪውን ጉልበት በውጪው እጅ ለመንካት ሞክሩ፤ ክብደቱ በራሱ ቦታውን ይይዛል። ቀጥሎ የውስጡን እግር ትንሽ አንሱት። አልነሳ ካለ ክብደቱ አሁንም እዚያው ነው።

በትከሻ መጀመር። ደረትን ወርውሮ መዞር ሚዛን ያሳጣል። ዓይን መውጫውን ይይ፣ ቁርጭምጭሚትና ጉልበት ይጀምሩት።

መታጠፊያውን ሳይጨርሱ ወደሚቀጥለው መሄድ። ስኪ በረዶ ላይ ወደ ጎን ተንሸራቶ ፍጥነት ሊቀንስ ይችላል። ጎማ ግን አስፋልት ይይዛል፤ እንደ ስኪ በቀላሉ አይንሸራተትም። ስለዚህ ፍጥነታችሁን የሚቀንሰው መታጠፊያውን መንገዱን እስክታቋርጡ፣ ከተቻለም ትንሽ ወደ ዳገቱ እስክትዞሩ መግፋት ነው። የፈራ ሰው ተቻኩሎ ሲገለብጠው እያንዳንዱ መታጠፊያ ካለፈው ይፈጥናል። ፍጥነቱ እስኪበርድ ታገሱ፣ ከዚያ ቀይሩ።

እግርን ማጣበቅ። በዳሌ ስፋት ያህል ይራራቁ።

ፍሬን ሳይለማመዱ መውረድ። መጀመሪያ ሜዳ ላይ መቆምን ቻሉ። ሄልሜትና የእጅ አንጓ መከላከያ ሳታደርጉ አትውረዱ። ክረምት ላይ ደግሞ የዜብራው ቀለም ሲረጥብ ከአስፋልቱ ይበልጥ ያንሸራትታል፤ መንገዱ እስኪደርቅ ጠብቁ።