የባንድ ዴሞ በቤት ውስጥ ቀረጻ፦ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ይህ ጽሑፍ ሁለት ግቤት ያለው ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ማይክና መሣሪያ ተሰክቶበት ድምፁን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ሳጥን)፣ አንድ ላፕቶፕ፣ ሁለት ወይም ሦስት ማይክና ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚደፍን ሄድፎን ይዞ ዴሞ ለመቅረጽ ለተነሳ ባንድ ነው። ችግር ሲመጣ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «ምን እንግዛ?» ነው። አብዛኛው ችግር ግን የሚፈጠረው ድምፁ ኮምፒውተር ውስጥ ከመግባቱ በፊት ስለሆነ ማይክ በማዞር፣ ኬብል በመቀየር ወይም አንድ ቁልፍ በመንካት ይፈታል። ስትፈትሹ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ኬብሉንም ማይኩንም ግቤቱንም አንድ ላይ ከቀየራችሁ ችግሩ ቢጠፋ እንኳ ጥፋቱ የማን እንደነበር አታውቁም።

ጮክ ሲል ድምፁ ይሻክራል፣ ይሰነጠቃል

ጌኑ፣ ማለትም ኢንተርፌሱ ላይ የሚገባውን ድምፅ የሚያጎላው ቁልፍ፣ ከመጠን በላይ ተከፍቷል። ሶፍትዌሩ ውስጥ ያለውን ፌደር (የትራኩን ድምፅ ማንሸራተቻ) ዝቅ ማድረግ የተበላሸውን ድምፅ ዝቅ ያደርገዋል እንጂ አይጠግነውም፤ የሞገዱ ጫፍ አንዴ ከተቆረጠ ተቆርጧል። በ24 ቢት ቅረጹ፤ ባንዱ የዘፈኑን ኃይለኛ ክፍል ሲጫወት የሜትሩ ጫፍ ከ-12 እስከ -10 ዴሲቤል መካከል እንዲቆም ጌኑን አስተካክሉ። ሙዚቀኛ ለሙከራ ሲጫወት ለስለስ ይላል፣ ቀረጻው ሲጀመር ግን እጁ ይከብዳል። ያ ባዶ ቦታ የተተወው ለዚህ ነው።

ሜትሩ ዝቅ ብሎም ድምፁ የሚሻክር ከሆነ ጥፋቱ ከኢንተርፌሱ በፊት ነው። አክቲቭ ቤዝ ከሆነ ባለ 9 ቮልት ባትሪውን ቀይሩ፤ ባትሪው ሲደክም ልክ እንዲህ ያደርጋል። ስኔር (ከሥሩ ሽቦ ያለው ድራም) አጠገብ የቆመ ኮንደንሰር (ኤሌክትሪክ የሚፈልግ) ማይክ ከሆነ ደግሞ ላዩ ላይ ፓድ የሚባለው፣ ድምፁን የሚቀንሰው ማብሪያ ካለ አብሩት፣ ከሌለ ማይኩን አርቁት።

ማይኩ ተሰክቷል፣ ምንም አይሰማም

ኮንደንሰር ከሆነ ኢንተርፌሱ ላይ ያለውን 48 ቮልት (ለማይኩ ኤሌክትሪክ የሚልከውን ቁልፍ) አብሩ። ዳይናሚክ ከሆነ አያስፈልገውም፤ ትራኩ የተያያዘው ከትክክለኛው የግቤት ቁጥር ጋር መሆኑን ተመልከቱ።

ቤዙ ወይም ጊታሩ ደክሞና ደብዝዞ ይገባል

የጊታር ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል) ወደ 1 ሜጋኦም የሚጠጋ ተቃውሞ ያለው ግቤት ይፈልጋል። የላይን ግቤት (እንደ ኪቦርድ ላለ ጠንካራ ምልክት የተሠራው) ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ኪሎኦም ስለሆነ ፒክአፑን ያደክመዋል፣ ቀጫጭኑ ድምፅም ይሞታል። ኢንተርፌሱ ላይ «ኢንስት» የሚለውን ወይም የጊታር ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጫኑ። ኪቦርድ ሲሰካ ግን ቁልፉን መልሱት፤ ኪቦርድ የላይን መሣሪያ ነው።

እምምም ወይም ዝዝዝ የሚል ድምፅ አብሮ ይቀረጻል

ሁለቱ አንድ አይደሉም። ወፍራሙና የማይለዋወጠው እምምታ ከመብራት መስመር የሚመጣ ነው፤ እንደየአገሩ መስመር 50 ወይም 60 ኸርትዝና ብዜቶቹ ላይ ይቀመጣል። ቀጭኑ ዝዝታ፣ በተለይ ማውስ ሲንቀሳቀስ የሚለዋወጠው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከላፕቶፑ ወይም ከቻርጀሩ ነው። በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

1. ቻርጀሩን ንቀሉና ላፕቶፑን በባትሪ አሠሩ። ድምፁ ከጠፋ ቀረጻውን በባትሪ ጨርሱ።
2. ካልጠፋ የጊታሩን ቮልዩም ዜሮ አድርጉ። አሁን ከጠፋ የገባው በፒክአፑ በኩል ነው። ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅል ሽቦ) ፒክአፕ በዙሪያው ያለውን መግነጢሳዊ ሞገድ ይለቅማል። ከላፕቶፑ፣ ከትራንስፎርመርና ከዲመር መብራት ሁለት ሜትር ያህል ራቁ፤ ጊታሪስቱም ቀስ እያለ ይዙር፣ ድምፁ በጣም የሚቀንስበት አቅጣጫ አለ።
3. አሁንም ካለ የጊታሩን ኬብል በሌላ ተኩ።
4. አምፑ፣ ኪቦርዱና ላፕቶፑ የተሰኩት በተለያየ ሶኬት ከሆነ ሁሉንም አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰብስቡ። በሁለት መንገድ ወደ ግራውንድ የሚሄዱ መሣሪያዎች በኬብል ሲገናኙ እምምታ ይፈጥራሉ። ካልቀረ ግራውንድ ሊፍት (የድምፅ ኬብሉን ግራውንድ የሚያቋርጥ ማብሪያ) ያለው ዲአይ ቦክስ (የመሣሪያን ምልክት ለማይክ ግቤት የሚያመቻች ሳጥን) መሃል አስገቡ።

የመሰኪያውን የግራውንድ እግር መስበር ወይም በቴፕ መሸፈን እንደ መፍትሄ ሲነገር ይሰማል። በፍጹም አታድርጉት። አምፑ ውስጥ ብልሽት ቢፈጠር ኤሌክትሪኩ መሬት የሚደርሰው በጊታሩ ክርና በማይኩ ብረት አልፎ፣ በሙዚቀኛው ሰውነት በኩል ይሆናል።

የምንጫወተውን ዘግይተን እንሰማለን

ድምፁ ወደ ኮምፒውተር ገብቶ እስኪመለስ ጊዜ ይወስዳል። በ48,000 ኸርትዝ (በሰከንድ 48,000 ሳምፕል፣ ማለትም የድምፅ ናሙና) በፈሩ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ የሚይዘው የድምፅ ቁራጭ፣ 256 ሳምፕል ሲሆን 5.3 ሚሊሰከንድ፣ 1024 ሲሆን ከ21 ሚሊሰከንድ በላይ ነው፤ ይህም በአንድ አቅጣጫ ብቻ። ቀላሉ መፍትሄ ኢንተርፌሱ ላይ ያለውን ዳይሬክት ሞኒተር (ድምፁን ኮምፒውተር ሳይገባ ወደ ሄድፎን የሚመልሰውን) ከፍቶ በሶፍትዌሩ በኩል የሚመጣውን መዝጋት ነው። ሁለቱም ክፍት ከሆኑ ድምፁ እጥፍ ሆኖ ይሰማል፣ ብዙ ሰውም ይህን ኢኮ ያለቦታው ሪቨርብ ውስጥ ሲፈልግ ይውላል። ዊንዶውስ ላይ የኢንተርፌሱን አምራች አሲዮ (ASIO) ድራይቨር፣ ማለትም መዘግየትን የሚቀንስ ማገናኛ ሶፍትዌር፣ ተጠቀሙ።

በፈሩን ስታሳንሱ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ወይም መቆራረጥ ከመጣ ፕሮሰሰሩ አልደረሰም ማለት ነው። ዋይፋይና ብራውዘር ዝጉ፣ ኢንተርፌሱን ከዩኤስቢ ማከፋፈያ አውጥታችሁ በቀጥታ ሰኩ፣ ፕላግኢኖችን (ተጨማሪ የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራሞችን) አጥፉ። ሚክስ ስታደርጉ በፈሩን ወደ 1024 መልሱት፤ ያኔ መዘግየቱ ማንንም አይጎዳም።

ሙዚቀኛው ልክ ተጫውቶ ትራኩ ሁልጊዜ በእኩል መጠን ዘግይቶ ከተቀመጠ፣ ድራይቨሩ መዘግየቱን ለሶፍትዌሩ በትክክል አልነገረውም። የኢንተርፌሱን ውጤት በኬብል ከራሱ የላይን ግቤት ጋር አገናኙ፣ ክሊክ (የሜትሮኖም ምት) አጫውታችሁ መልሳችሁ ቅረጹት፣ ልዩነቱን በሳምፕል ለኩና የሶፍትዌሩ የቀረጻ ማካካሻ ላይ አስገቡት። በዚህ ሙከራ ጊዜ ሄድፎኑን አውልቁ፣ ዳይሬክት ሞኒተሩንና የትራኩን ሞኒተር ዝጉ፤ አለበለዚያ ድምፁ እየዞረ ይጮኻል።

ሁለት ማይክ ስንጠቀም የድራሙ ወፍራም ድምፅ ይጠፋል

እያንዳንዱ ማይክ ለብቻው ጥሩ ነው፤ አብረው ሲከፈቱ ኪኩ (በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም) ወይም ስኔሩ ይከሳል። ይህ የፌዝ ችግር ነው። ድምፅ በአንድ ሚሊሰከንድ 34 ሴንቲሜትር ያህል ስለሚጓዝ በተለያየ ርቀት የቆሙ ማይኮች ያንኑ ምት በተለያየ ቅጽበት ይቀበላሉ፤ ሲደመሩ የአንዱ ሞገድ ሲወጣ የሌላው እየወረደ እርስ በርስ ይሰረዛሉ።

መጀመሪያ የአንዱን ትራክ ፖላሪቲ (የሞገዱን ላይና ታች) ገልብጡ፤ ምልክቱ በዘንግ የተቆረጠ ክብ ነው። ወፍራሙ ድምፅ በበዛበት በኩል ተዉት። ሁለቱም ማይኮች ከላይ የተሰቀሉ ከሆኑ ደግሞ ከስኔሩ መሃል እስከ እያንዳንዱ ማይክ ድረስ በገመድ ለክታችሁ ርቀቱን እኩል አድርጉ። ይህን ቀድሞ ማድረግ በኋላ ትራክ እየገፉ ከማሰለፍ ይሻላል።

ሁለት ግቤት ብቻ ካላችሁ አንዱን ማይክ ኪኩ ፊት፣ ሌላውን ከድራመሩ ቀኝ ትከሻ በላይ አድርጋችሁ ወደ ስኔሩ አዙሩት። ሲምባሉ ሁሉን ከዋጠ ድራመሩ ሲምባሉን ለስለስ፣ ስኔሩን ጠንከር አድርጎ ይምታ፤ ከዚህ የሚበልጥ ፕላግኢን የለም። ስኔሩ ካስተጋባ የታጠፈ ሶፍት ከጠርዙ አጠገብ በቴፕ ለጥፉ። ያረጀና ያልተቃኘ ቆዳ ግን በየትኛውም ማይክ ያረጀና ያልተቃኘ ሆኖ ነው የሚገባው።

የድምፃዊው ድምፅ ባዶ ክፍል ውስጥ የተቀረጸ ይመስላል

ማይኩ ከአፍ ሩቅ ነው፣ ግድግዳዎቹም ድምፁን ይመልሳሉ። ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ቅረቡ። ብዙዎች ብርድ ልብስ የሚሰቅሉት ከማይኩ ጀርባ ነው፤ ካርዲዮይድ ማይክ ግን የሚሰማው ከፊቱ ስለሆነ ፍራሽ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ መቆም ያለበት በመጀመሪያ ከድምፃዊው ጀርባ ነው። ከግድግዳው ትንሽ ራቅ ቢል የበለጠ ይሠራል። የክፍሉ መሃል ላይ አትቁሙ፤ በልብስ የተሞላ ቁም ሳጥን ከፍቶ ጀርባን ለእሱ መስጠት ከብዙ ነገር ይሻላል።

የእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን ገንዘብ ባያስወጣም ጥቅሙ ከምንም አይቆጠርም። ስስ ፎም ቀጫጭኑን ድምፅ ብቻ ይበላና ክፍሉን የታፈነ ያደርገዋል፤ የ100 ኸርትዝ ድምፅ ሞገዱ 3.4 ሜትር ስለሚረዝም ሁለት ሴንቲሜትር ስፖንጅ አያቆመውም።

«ፕ» እና «ፍ» ላይ ቡፍ የሚል ንፋስ ካለ ማይኩን ከአፍ መስመር ትንሽ ወደ ጎን አዙሩ፣ ወይም በሽቦ ቀለበት ላይ የተወጠረ ስቶኪንግ ከማይኩ 10 ሴንቲሜትር ያህል ፊት ለፊት አቁሙ።

አንዱ መሣሪያ በሌላው ማይክ ይገባል

በሁለት ግቤት ሁሉንም በአንድ ጊዜ መቅረጽ አያዋጣም። መጀመሪያ ጊታርና ድምፅ ከክሊክ ጋር እንደ መምሪያ ይቀረጹ፤ ድራመሩ ያንን እየሰማ ይጫወት፤ ከዚያ ቤዝ በቀጥታ ኬብል፣ ጊታሮች፣ ኪቦርድ፣ በመጨረሻም ድምፃውያን ይግቡ። በዚህ መንገድ አጨዋወቱ የሚደርቅ ባንድ አለ። እንዲያ ከሆነ ድራሙ ሲቀረጽ ጊታሩና ቤዙ አምፓቸውን ሌላ ክፍል አስቀምጠው አብረው ይጫወቱና የእነሱ ትራክ በኋላ ይደገም። ካርዲዮይድ ማይክ በጣም የማይሰማው በጀርባው ነው፤ ጀርባውን ለጯሂው መሣሪያ ስጡ።

ክሊኩ በድምፃዊው ማይክ ከገባ ሄድፎኑ ክፍት ዓይነት ነው ወይም ቮልዩሙ በዝቷል። ጸጥ ባሉ ክፍሎች ላይ ክሊኩን ዝጉት።

ሲጀምር የገጠመው ሲያልቅ ይለያያል

አንዱ ትራክ በስልክ፣ ሌላው በኢንተርፌስ ሲቀረጽ የሁለቱ ሰዓት አንድ አይደለም። በሚሊዮን 50 ያህል ልዩነት ቢኖር በደቂቃ 3 ሚሊሰከንድ ነው፤ በአራት ደቂቃ ዘፈን 12 ይሆናል። መጀመሪያም መጨረሻም ላይ አጨብጭቡ፣ በኋላ የስልኩን ትራክ በሁለቱ ጭብጨባ ልክ ሳቡት። ዘፈኑ በሙሉ ፈጥኖና ቀጥኖ ከተሰማ ግን በ44,100 የተቀረጸ ፋይል በ48,000 እየተጫወተ ነው፤ በአንድ ተኩል ሰሚቶን ገደማ ከፍ ይላል። የፕሮጀክቱን ሳምፕል ሬት አስተካክሉ።

በሄድፎን ጥሩ ነበር፣ በስልክ ቤዙ ጠፋ

የስልክ ስፒከር የቤዙን የታችኛውን ድምፅ አያወጣም። ቤዙ ላይ ከ700 እስከ 1,000 ኸርትዝ አካባቢ ትንሽ ጨምሩ ወይም ቀለል ያለ ዲስቶርሽን ደባልቁ። ከቤዝና ከኪክ በቀር ሌላውን ከ80 እስከ 100 ኸርትዝ በታች ቁረጡ። ሚክሱ ጭቃ ከሆነ ከ200 እስከ 400 ኸርትዝ ባለው ቦታ ማን ከማን ጋር እንደተጋፋ ፈልጉ። ከዚያ ሁሉንም ሞኖ (ግራና ቀኙ አንድ ላይ ተደምሮ) አድርጋችሁ ስሙ፤ ጊታሩ ከጠፋ አንዱን ትራክ ኮፒ አድርጋችሁ በማዘግየት ያሰፋችሁት ነው፤ ኮፒውን ሰርዙና ሁለተኛ ጊዜ በእጅ አጫውቱት። ጫፉን -1 ዴሲቤል ላይ አቁሙ፣ ዌቩን (ያልተጨመቀውን ፋይል) ለራሳችሁ አስቀምጡ፣ የምትልኩትን ኤምፒ3 ከእሱ አውጡ።