ከወላጅ ጋር የፊልም ሙዚቃ ስትሰሙ ባትሰሯቸው የሚሻሉ ስህተቶች

ከአባት ወይ ከእናት ጋር "ደህና ነህ? ደህና ነኝ" ከተባባለ በኋላ ወሬ የሚያልቅበት ሰው ብዙ ነው። ሁለታችሁም የፊልም ሙዚቃ የምትወዱ ከሆነ ግን እድለኞች ናችሁ፣ ሳታወሩም አብራችሁ የምትቀመጡበት ሰበብ አላችሁ ማለት ነው። ችግሩ ይሄንንም ማበላሸት ቀላል መሆኑ ነው። እንደኔ እንደኔ አብዛኛው ብልሽት ምንጩ አንድ ነው፣ እኛ ሙዚቃውን የምናውቀው በትራክ ስም ነው፣ እነሱ የሚያውቁት ፊልሙ ውስጥ በመጣበት ቦታ ነው። "ሰውየው ብቻውን ሲሄድ ያለችው" ይሏችኋል። ቪኤችኤስ የሚባለው የቪዲዮ ካሴት መጀመሪያ ጃፓን ውስጥ ለገበያ የወጣው በ1976 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፣ ከዛ በፊት ለአብዛኛው ሰው ፊልም ሲኒማ ቤት ታይቶ ካለፈ አለፈ፣ ይዘኸው ቤት የምትገባው ሙዚቃውን ብቻ ነበር፣ እሱም ራዲዮ ካጫወተው ወይ ሸክላው ከተገኘ። ይሄን ያዙልኝ።

ማረም

ዋናው ይሄ ነው። ፋዘር ስለ "ዘ ጉድ፣ ዘ ባድ ኤንድ ዘ አግሊ" ሙዚቃ እያወራ ነው እንበል፣ ልጅ ስልኩን አውጥቶ የፊልሙን ሙዚቃ የደረሰውን የኤንዮ ሞሪኮኔን ኦሪጅናል ይከፍታል፣ ፋዘር ትንሽ ሰምቶ "አይ፣ ይቺ አይደለችም" ይላል፣ ልጅ ደሞ ወዲያው "አባዬ እሷ ናት እኮ፣ ረስተሃት ነው"። ላይረሳት ይችላል! ፊልሙ የ1966 ነው፣ በ1968 ግን ሁጎ ሞንቴኔግሮ የሚባል አሜሪካዊ ያንኑ ዜማ በራሱ አቀናብሮ አወጣውና እንግሊዝ አገር አንደኛ፣ አሜሪካ ደሞ ሁለተኛ ደረጃ ድረስ ወጣለት። እና በዛን ጊዜ ራዲዮ ይሰማ የነበረ ሰው ጆሮው ላይ የቀረችው የሞንቴኔግሮዋ ብትሆን ምን ይገርማል? ፉጨቱም ጊታሩም ተመሳሳይ ይመስላል፣ አንዷን ስትለምድ ግን ሌላኛዋ ትጎረብጣለች። ስለዚ "አይደለችም" ሲባል መከራከሩን ተዉትና ሌላ ቅጂ ፈልጉ፣ አሁንም አይደለችም ካለ ሌላ። እንደዛ ስትፈልጉ ነው "ምኗ ነው የተለየብህ?" ብላችሁ የምትጠይቁት፣ እሱም ከበሮው እንደዚ ነበር፣ ድምፁ ከሩቅ ነበር የሚመጣው ምናምን እያለ ማስረዳት የሚጀምረው፣ ከዛ በኋላ ወሬ አያልቅባችሁም።

ያገኙትን ቅጂ መክፈት

የመጀመሪያው ወንድም ነው ይሄ። በ"ብሌድ ራነር" የሆነው ለኔ እስካሁን ይገርመኛል፣ ፊልሙ በ1982 ወጣ፣ ሙዚቃውን በሲንተሳይዘር (በኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ) የሰራው ቫንጄሊስ ነው፣ ግን በዛው ዓመት ሱቅ የገባው አልበም የሱ ቅጂ አልነበረም፣ ኒው አሜሪካን ኦርኬስትራ በሚል ስም ሌሎች ሙዚቀኞች እንደገና የተጫወቱት ነው። የቫንጄሊስ የራሱ አልበም የወጣው በ1994። አስቡት፣ ያኔ ሸክላውን የገዛ ሰው ለ12 ዓመት ቤቱ የሰማው እና ፊልሙ ላይ የሰማው አንድ አይደሉም። አሁን ደሞ ብሶበታል፣ ዩቲዩብ ላይ የፊልም ስም ስትጽፉ በፒያኖ የተሰራው፣ "ኤፒክ" የተባለው፣ ለአስር ሰዓት የሚደጋገመው፣ ለእንቅልፍ ተብሎ የዘገየው ሁሉ ይመጣል። ከመክፈታችሁ በፊት የተጫዋቹን ስምና ዓመቱን እዩ፣ በቃ።

ፈተና ማድረግ

"ይሄ ከየትኛው ፊልም ነው? ማን ነው የሰራው? በስንት ዓመተ ምህረት?" አታድርጉት። ስም የጠፋበት ወላጅ በልጁ ፊት መሸነፍ አይወድም፣ ዝም ይላል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ደሞ "ስራ አለብኝ" ይላል። መጠየቅ ካማራችሁ ፊልሙን ከማን ጋር እንዳየው ጠይቁት።

አንድ ኢርፎን ለሁለት መካፈል

ፎቶ ላይ ያምራል፣ ለጆሮ ግን አይሆንም። ኦርኬስትራ ሲቀዳ ብዙ ጊዜ አንደኛ ቫዮሊኖቹ ወደ ግራ፣ ቼሎና ባሱ ወደ ቀኝ ያደላሉ፣ ስለዚ አንዳችሁ ዜማውን ሌላችሁ ጉርምርምታውን ይዛችሁ ነው "አሪፍ ነው አይደል?" የምትባባሉት። ግድ ከሆነ ስልካችሁ ሴቲንግ ውስጥ አክሰሰቢሊቲ የሚለው ጋ ገብታችሁ ሞኖ አድርጉት፣ ያኔ ሁለቱም ጆሮ እኩል ይሰማል። ካልሆነ ትንሽ ስፒከር ይበልጣል። እድሜ ሲገፋ ቀድሞ የሚደክመው ቀጭን ድምፅ የመስማት አቅም ነው፣ ስለዚ ፊልም ስታዩ "ሙዚቃው ንግግሩን ዋጠው" ካለቻችሁ እማዬ እያካበደች አይደለም፣ ድምፅ ብቻ መጨመር ደሞ ሁለቱንም ነው የሚያስጮኸው፣ ሰብታይትል አብሩላት።

ክሬዲቱን መዝለል

በዚህ እናደዳለሁ። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሙዚቃውን በንግግርና በተኩስ ስር ሲደብቀው ይቆይና መጨረሻ ላይ ስሞች መውጣት ሲጀምሩ ነው ብዙ ጊዜ ዋና ዋና ዜማዎቹ ተገጣጥመው፣ ማንም ሳያወራባቸው የሚሰሙት፣ ልክ እዛ ጋ አፑ ስክሪኑን ያሳንስና "ቀጣዩ በ5 ሰከንድ" ይላል። አውቶፕሌይ የሚለውን ከሴቲንግ አጥፉት። መብራት ለማብራትም አትቸኩሉ፣ ሰው ስለ ፊልሙ ትክክለኛውን ነገር የሚያወራው ያኔ ነው፣ አይኑ ስሞቹ ላይ ስለሆነ አንተን ማየት የለበትም።

"የናንተ ዘመን አልፏል" (ወይም ተቃራኒው)

የዘንድሮ ፊልም ሙዚቃ ዜማ የለውም፣ ዝም ብሎ ይጮሃል፣ ይሉናል። ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፣ የብዙ አዳዲስ ፊልሞች ሙዚቃ ከሚዘፈን ዜማ ይልቅ በድባብና በምት ላይ ነው የሚሰራው፣ ከሲኒማ ስትወጣ የምታፏጨው አይሰጥህም። ይሄን ካመናችሁላቸው በኋላ የራሳችሁን ብታስገቡ ይሰማሉ። እኔ ብሆን "ኢንተርስቴላር"ን (2014) አስገባለሁ፣ ከታሪኩ ጋር። ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ኖላን ለሙዚቃ ደራሲው ሃንስ ዚመር ስለ ህዋ ምንም ሳይነግረው፣ ስለ አባትና ልጅ የምታወራ አንድ ገጽ ጽሁፍ ብቻ ሰጠው፣ ዚመር በዛች ላይ ተነስቶ በአንድ ቀን አጭር የፒያኖ ነገር ጻፈ፣ አባት ስለመሆን፣ የፊልሙ ሙዚቃ ልብ የሆነችውም እሷ ናት። ታሪኩን ንገሩና ክፈቱት። ግን እባካችሁ "ይሄ እኮ ስለ እኔና አንተ ነው" አትበሉ፣ አባት ራሱ ይደርስበታል፣ ባይደርስበትም ችግር የለውም።

ዘፈኑን መናቅ

"እሱ እኮ ዘፈን ነው፣ ስኮር (ከፊልሙ ትዕይንቶች ስር እንዲሰማ የተደረሰ ሙዚቃ) አይደለም" የሚል አዋቂ ልጅ አለ። እናት የምትወደው የህንድ ፊልም ዘፈን ከሆነ እሱም የፊልም ሙዚቃ ነው፣ ያውም ራሱን የቻለ ትልቅ ጥበብ። "አዋራ" (1951) ላይ ተዋናዩ ራጅ ካፑር አፉን ያንቀሳቅሳል እንጂ የሚዘፍነው ሙኬሽ የሚባል ዘፋኝ ነው፣ ይሄን ያላወቀች እናት ካለች ልትደነግጥ ትችላለች፣ በደስታ ነው የሚሆነው ግን። ቀጥሎ ሁለታችሁ ሌሎቹ ተዋንያን ላይ የማን ድምፅ እንደሆነ ስትፈልጉ ታመሻላችሁ።

ስሜቱን መቅዳት

ወላጅ በሆነ ዜማ አይኑ እንባ ሲያቅር ስልክ አውጥቶ ቪዲዮ መቅረጽ። ምን ልበል፣ አታድርጉት። በተለይ ዜማው ከሞተ ሰው ጋር የተያያዘ ከሆነ ከመክፈታችሁ በፊት "ይቺን ልክፈታት?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ሰርፕራይዝ ለዚህ አይሆንም።

ኮንሰርት ትኬት በድንገት መግዛት

ፊልሙ ስክሪን ላይ እየታየ ኦርኬስትራው ፊት ለፊት የሚጫወትበት ኮንሰርት አሁን በብዙ አገር አለ፣ ቆንጆ ነገር ነው፣ ግን ሰው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሙሉው ፊልም ላይ እረፍት ተጨምሮበት መሆኑን ነው፣ ሶስት ሰዓት ሊጠጋ ይችላል። ወገብ ወይ ጉልበት ለሚያመው ሰው ረጅም ነው። ዜማዎቹ ብቻ ተመርጠው የሚቀርቡበት ዓይነት ኮንሰርትም አለ፣ እሱ አጠር ይላል። የቱ እንደሚሻላቸው እነሱን ጠይቁና ወንበሩን ከመተላለፊያው አጠገብ ያዙ።