የገዙትን አሮጌ ቤት አዘል ቮልስዋገን እንዴት ያድሳሉ?

አልጋው፣ ምድጃውና የውኃ መያዣው በውስጡ የተሰናዳ፣ በመሸበት የሚያድር መኪና ነው ቤት አዘል የምለው። ከእነዚህ ሁሉ ስሙ የገነነው ጀርመኖች «ቡሊ» የሚሉት፣ የዌስትፋሊያ ፋብሪካ ለመኝታ ያዘጋጀው የቮልስዋገን ኮምቢ ነው። እዚህ የምጽፈው እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1979 ጀርመን ውስጥ ስለተሠራው ሁለተኛ ትውልድ፣ ያውም 1600 ሲሲ ሞተር ስላለው ነው። ፍራንክፈርት አጠገብ አንዱን የገዛሁ ሰሞን መጀመሪያ የሸመትሁት የመጋረጃ ጨርቅ ነበር። ጨርቁ ዓመት ተኩል ፌስታል ውስጥ ከረመ።

1. ቁልፉን ከማዞርዎ በፊት የነዳጅ ቱቦውን ይቀይሩ

ሻጩ «ባለፈው ወር ነድቼዋለሁ» ቢልዎትም ይቀይሩት። በዚህ ሞተር ላይ የነዳጁ ፓምፕ የተተከለው ለካንዴላዎቹ እሳት ከሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ጎን ነው። የጎማ ቱቦው በእርጅናና ዛሬ ቤንዚን ውስጥ በሚቀላቀለው ኤታኖል ይሰነጠቃል፤ ከስንጥቁ የሚንጠባጠበው ቤንዚን ደግሞ የሞቀ ሞተር ላይ ያርፋል። የሞተሩ አካል ማግኒዚየም ያለበት ቅይጥ ስለሆነ አንዴ ከተያያዘ ውኃ መርጨት እሳቱን ያባብሰዋል። ስለዚህ ከነዳጅ ማጠራቀሚያው እስከ ካርቡራተሩ ያለውን ጎማ ሁሉ ኤታኖል በሚቋቋም ይተኩ፤ ማጥበቂያዎቹንም አብረው ይቀይሩ። የብረቱ ቱቦ ላሜራውን በስቶ በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ የምትቀመጠውን ትንሽ ጎሚኒ ብዙ ሰው ይረሳታል። እርሷ ከሌለች ላሜራው ቱቦውን ቀስ በቀስ ይቆርጠዋል። በመጨረሻም የዱቄት እሳት ማጥፊያ ከሾፌሩ ወንበር አጠገብ ያስሩ።

2. ፍሬን

መኪናውን በክሪክ አንሥተው ፍሬኑን ይርገጡና ይልቀቁ። ጎማው ወዲያው በነጻነት ካልዞረ የፍሬን ቱቦው ከውስጥ አብጦ ሊሆን ይችላል፤ ከውጭ አዲስ መምሰሉ አያታልልዎት። ሁሉንም ቱቦ ይቀይሩ፣ የፍሬን ዘይቱንም በየሁለት ዓመቱ።

3. ዝገቱን ያሳድዱ

ሞተር ይገዛል፤ ኪስ የሚያራቁተው ዝገት ነው። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው በመኪናው አካል ላይ ያንሸራትቱ። ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ከቀለሙ በታች ያለው ስቱኮ ነው። በተለይ የፊት መስተዋቱን ጎማ ግርጌ፣ የተንሸራታቹን በር ደፍ፣ የክሪክ ማረፊያዎቹንና የባትሪውን መቀመጫ ይመርምሩ። ከዚያ የውስጡን የእንጨት ልባስ ያውልቁ። የቀድሞ ባለቤት ለሙቀት ብሎ የመስታወት ጥጥ ጠቅጥቆበት ከሆነ ጥጡ ውኃ አቁሮ ላሜራውን ከውስጥ ሲበላው ኖሯል፤ ሳያዝኑ ይጣሉት።

የበሰበሰው ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበየድበት። በዝገት ላይ ስቱኮ መለጠፍ ቁስልን ሳያጥቡ በፋሻ መሸፈን ነው። ከብየዳው በፊት ባትሪው ይፈታ፣ የነዳጅ ማጠራቀሚያውም ይውረድ።

የሚያወልቁትን ሁሉ ፎቶ አንሥተው ብሎኑን በየከረጢቱ ስም ጽፈው ያስቀምጡ፤ የድሮውን ቁም ሳጥንም አይጣሉ። ጀርመን ውስጥ 30 ዓመት የሞላውና አመጣጡን ጠብቆ በደህና ይዞታ ያለ መኪና «ኤች» የሚል ፊደል ያለበት የቅርስ ታርጋ ያገኛል። ግብሩ በዓመት 191 ዩሮ ገደማ ሲሆን፣ የጭስ ገደብ ወዳለባቸው የከተማ ክልሎችም ያስገባል።

4. ሞተሩን ያስተካክሉ

ሞተሩ አዲስ አበባን ያጥለቀለቃት የቮልስ ሞተር ዘመድ ስለሆነ ከወገን መካከል የሚያውቀው አንድ ሽማግሌ መካኒክ አይጠፋም። ካንዴላ፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ እያልን የጀርመንን መኪና በጣሊያንኛ የምንጠግን ሰዎች ነን።

ዘይቱ 2.5 ሊትር ብቻ ነው፤ የሚያጣራውም የሽቦ ወንፊት እንጂ የወረቀት ፊልትሮ አይደለም። ስለዚህ በየ5,000 ኪሎ ሜትር ይቀየር። በዚያው ቀን ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ ሳለ የቫልቮቹን ክፍተት 0.15 ሚሊ ሜትር ላይ ያስተካክሉ።

ቺንጋው በአውራ ጣት ሲጫኑት 15 ሚሊ ሜትር ያህል ይርገብ። ባትሪ የሚሞላውም ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ማራገቢያ የሚያዞረውም ይኸው አንድ ቺንጋ ነው። ቀዩ የባትሪ መብራት መንገድ ላይ ከበራ ቀጣዩን ነዳጅ ማደያ አይጠብቁ፤ ዳር ይዘው ወዲያው ሞተሩን ያጥፉ።

5. ቤቱ

የመኪናው ማሞቂያ ሙቀቱን የሚወስደው ከጭስ ቱቦው ዙሪያ ነው። ያ ክፍል ከተበሳ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ተሳፋሪው ይገባል። ቀዳዳ ቢያገኙም ባያገኙም የዚህን ጋዝ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ከመኝታው አጠገብ ይስቀሉ። የጋዝ ምድጃ ካለው ቱቦውን ቀይረው መጋጠሚያዎቹን የሳሙና አረፋ ይቀቡ፤ አረፋው ከተነፋ ጋዝ ያፈሳል ማለት ነው። ከዚያም ለባለሙያ ያስመርምሩ። ጣሪያው የሚነሣ ዓይነት ከሆነ ሸራውን በለስላሳ ሳሙና አጥበው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አያጥፉት።

አሁን መጋረጃውን ይስፉ። ከምድጃው ጎን ላለው መስኮት የሚሆነውን ግን አሳጥረው።