የኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ዲግሪ ያዋጣል? በአንድ ማካፈል ይታወቃል

ብዙ ሰው የዲግሪን ወጪ ሲያሰላ የትምህርት ክፍያውን ብቻ ይደምራል። ትልቁ ወጪ ግን ብዙ ጊዜ እየተማሩ ሳያገኙት የሚቀር ደመወዝ ነው። ሁለቱን ደምሩና ዲግሪው በዓመት በሚጨምርላችሁ የተጣራ ገቢ አካፍሉት። ውጤቱ ከተመረቃችሁ በኋላ ወጪውን ለመመለስ የሚፈጀው ዓመት ነው።

ለምሳሌ ክፍያው በዓመት 40 ሺህ፣ የሚቀረው ደመወዝ 60 ሺህ ቢሆን የ4 ዓመት ወጪ 400 ሺህ ይሆናል። የገቢ ጭማሪው 50 ሺህ ከሆነ በ8 ዓመት ይመለሳል። በአንድ ኮርስ መውደቅ ምረቃውን በአንድ ሴሚስተር ቢያዘገየው ወጪው 450 ሺህ፣ ጊዜው 9 ዓመት ይሆናል። የብድር ወለድ ካለ እሱም ይደመር።

ስሌቱ የሚበላሸው ጭማሪው ላይ ነው። የሙያውን አማካይ ደመወዝ አትውሰዱ፤ የ10 ዓመት ልምድ ያላቸውም እዚያ ውስጥ አሉ። ከ0 እስከ 2 ዓመት ልምድ የሚጠይቁ 20 ያህል የሲስተም አናሊስት፣ የዳታቤዝና የአይቲ ኦዲት ማስታወቂያዎች ሰብስቡ። ስንቱ ዲግሪ ግዴታ እንደሚል፣ ስንቱ ኤስኪውኤል (ከዳታቤዝ መረጃ ማውጫ ቋንቋ) ብቻ እንደሚበቃው ቁጠሩ። ዲግሪ የማይጠይቁት ከበዙ ጭማሪው ከዲግሪው ሳይሆን ከችሎታው ነው የሚመጣው።

ሥራ ሳትለቁ በማታ የምትማሩ ከሆነ የሚቀረውን ደመወዝ ዜሮ አድርጉት።