አዲሱ ኩሽኔታ ወር ሳይሞላው ሲቃጠል፦ የወፍጮ ሞተር ችግርና መፍትሄ

ቡሬም ሆነ ፍኖተ ሰላም ወፍጮ ቤት ብትገቡ ስለ ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ወሬው አንድ ነው፦ «ኩሽኔታው አዲስ ነበር፤ ወር እንኳ አልሞላውም»። ባለወፍጮው ሻጩን ይረግማል። አንዳንዴ እውነቱን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ዕቃው ደህና ነው፤ የተሳሳተው የውስጥ ክፍተቱ፣ ማለትም ኳሶቹ በሁለቱ ቀለበቶች መካከል ያላቸው ትርፍ ቦታ ነው።

ምልክት፦ ሲግል ይይዛል፣ ሲቀዘቅዝ ይለቃል

ሞተሩ ሲነሳ ድምፅ የለውም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የኩሽኔታው ቤት እጅ አያስነካም፤ ያፏጫል። አጥፍታችሁ ቺንጋውን አውልቁና ፑሌጃውን በእጅ አዙሩት፤ ይከብዳል።

መጀመሪያ ግራሶውን ጠርጥሩ። ከልክ በላይ የተሞላ ግራሶም ያግላል፤ ነገር ግን ትርፉ ሲገፋ ሙቀቱ በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል። ካልወረደ ኩሽኔታውን አውጥታችሁ ክፈቱት። በጤነኛ ኩሽኔታ ውጭኛው ቀለበት ላይ የኳሶቹ ዱካ የሚታየው ቺንጋው በሚጎትተው በኩል ብቻ ነው። ዱካው ዙሪያውን ከከበበው ኳሶቹ ታንቀው ነበር።

ስሌቱ ይኸው። በ10 ፈረስ ጉልበት ሞተር ላይ የሚዘወተረው 6308 ቁጥር ኩሽኔታ ውስጡ 40፣ ውጩ 90 ሚሊሜትር ነው። የክፍተት ምልክት የሌለው ከ6 እስከ 20 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ክፍተት አለው፤ ሲ3 (C3) የተጻፈበት፣ ማለትም ሰፋ ያለው፣ ከ15 እስከ 33። ዘንጉ ከቀለበቱ ቀዳዳ በ12 ማይክሮን ከወፈረ፣ ቀለበቱ ሲለጠጥ ከክፍተቱ 10 ያህል ይሄዳል። በሥራ ላይ ውስጠኛው ቀለበት ከውጭኛው በ10 ዲግሪ ሲበልጥ ሌላ 10 ግድም ይሄዳል። ከ20 ላይ 20 ሲነሳ ምን ይተርፋል?

በደብረ ማርቆስ ማለዳ ይብሳል። ጠፍቶ ያደረው መብራት ሲመጣ የጤፍ ጆንያ ተሰልፎ ይጠብቃል፤ ሞተሩ ወዲያው ሙሉ ጭነት ይሸከማል። ዘንጉ ቶሎ ይግላል፤ የብረት ቤቱ ግን ገና በረዶ ነው። «ብርድ ስለሆነ አይግልም» የሚሉት እዚህ ላይ ይሳሳታሉ።

መፍትሄው ሲ3 መግዛት ነው፤ ጽሑፉን ከካርቶኑ ሳይሆን ከቀለበቱ ላይ አንብቡ። ዘንጉን ግን አስቀድማችሁ በማይክሮሜትር ለኩ፤ የወፈረ ዘንግ ሲ3ንም ያንቃል። ዘንጉ ላይ ከገባ በኋላ ውጭኛውን ቀለበት በጣት አዙሩ። ከያዘ ሞተሩን አትዝጉት።

ከሲ3 የሚሰፋው ሲ4 አይሻልም ወይ ይሉኛል። አይሻልም፤ ክፍተት ሲበዛ ጭነቱ በጥቂት ኳሶች ላይ ይወድቃል፣ ማንኳኳትም ይጀምራል።

ምልክት፦ ቀለበቱ ዘንጉ ላይ ይሽከረከራል

ዘንጉ ያብለጨልጫል ወይም ቡናማ የዝገት ዱቄት ይዟል። ይህ የክፍተት ጉዳይ አይደለም፤ ዘንጉ ተበልቷል። በሹል ብረት እየነጠቡ ማጥበቅ የሳምንት ዕድሜ ነው። ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ አስሞሉት፤ «ኩሽኔታው እንዲገባ አድርገህ ቁረጠው» ብላችሁ ብቻ ግን አትመለሱ። ለ6308 ልኩን በወረቀት ስጡት፦ ከ40.002 እስከ 40.013 ሚሊሜትር።